ስለ ልጆች ጨዋታና ስለ ቤት ቍልፍ

የቪዲዮ ጨዋታ ነገር በተነሣ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ፊታቸውን ያዞራሉ። የሕፃናት ሥራ ፈትነት ነው ብለው ስለሚንቁት ወሬውን ለመስማት ትዕግሥት የላቸውም። ሳንደብቅ ብንናገር እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከነዚሁ ወገን ነበርን። ታናሹ ልጃችን ከትምህርት ቤት ተመልሶ ያን ማይንክራፍት የሚሉትን ጨዋታ በከፈተ ቍጥር «ይብቃህ» ከማለት በቀር ምን እንደሚሠራበት ጠይቀነው አናውቅም። አሳባችንን ያስለወጠን አንድ እሑድ በቡና ሰዓት የደረሰብን ነገር ስለ ሆነ፥ አንባቢዎቻችን ቢታገሡን እርሱን አስቀድመን እንነግራቸዋለን።

የእኅታችን ልጅ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማር ጐልማሳ ነው። በዚያ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ ከደጃፋችን በላይ የተተከለውን ካሜራ አየና፤ «ጋሼ፥ የዚህ ካሜራ የይለፍ ቃል ምንድን ነው?» አለን። እኛም፤ «የተከለው ሰው ያውቀዋል እንጂ እኛ አናውቀውም» ብለን መለስንለት፤ አለማወቃችንንም እንደ ጥንቃቄ ቈጥረነው ነበር። እርሱ ፈገግ ብሎ የእጅ ስልኩን ጥቂት ነካካና ቶናው ሳይቀዳ ወደኛ አዞረው። ብናይ የራሳችን ደጃፍ ነው። ዘበኛችን ጋቢውን ተከናንቦ በወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል። «አድሚን ብዬ ጻፍሁ፤ ቀጥሎ ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ቍጥር ጻፍሁ፤ ገባሁ። የገባሁትም በቤትዎ መስመር አይደለም፤ በራሴ ስልክ መስመር በውጭ በኩል ነው» አለን።

ካሜራውን ያስተከልነው ሌባ እንዲያሳየን ነበር፤ እኛን ለሌባ የሚያሳይ ሊሆን እንደሚችል ግን ከቶ አላሰብንም። ከተተከለ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ሴቶች ልጆቻችን በጧት የሚወጡበትንና በማታ የሚገቡበትን ሰዓት ሁሉ ሲመለከት ኖሯል። ባለቤታችን ስኒዋን አስቀምጣ፤ «እንኪያስ እስከ ዛሬ ማን ሲያየን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ዕቃው የገባውንና የወጣውን በመዝገብ አይጽፍምና።

ከዚህ በኋላ በቃሉ ያጫወተንን ታሪክ እኛ ደግሞ በጽሑፍ ከወጣው ፈልገን አነበብነው። ታሪኩ ከልጃችን ጨዋታ የሚነሣ ሆኖ ስላገኘነው እጅግ ተደነቅን። ከዚህ በታች የምንጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ማይንክራፍት በስዊድን አገር የተሠራ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ጡብ ከመሰሉ ድንጋዮችና ግንዶች ቤት ይሠራል፥ ጕድጓድ ይቈፍራል፥ ከተማ ያቀናል። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 ዓመት ጨዋታውን ከሠራው ኩባንያ ጋር በ2 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ገዛው። ልጆቹ የሚጫወቱት ለየብቻቸው ብቻ አይደለም፤ በየአገሩ ያሉት በአንድነት የሚገናኙበት ሰርቨር የሚባል ኮምፒዩተር አለ። የሰርቨሩም ባለቤት ከሚመጡት ተጫዋቾች ጥሩ ገንዘብ ያገኛል። ሰርቨሩ የዘገየ ወይም የቆመ እንደ ሆነ፥ ልጅ ትዕግሥት ስለሌለው፥ አንዱ ጠጅ ቤት ሲዘጋ ጠጪው ወደ ጎረቤቱ እንደሚያልፍ ያው ወደ ሌላው ሰርቨር ይሄዳል። ስለዚህ የተፎካካሪን ሰርቨር ማስቆም ትርፍ ያለው ሥራ ሆነ።

ሰርቨር እንዴት እንደሚቆም፥ ዕድሜያችንን በፍርድ ቤት ጽሕፈት የፈጀን ስለ ሆንን፥ በምናውቀው ምሳሌ ብናስረዳ ይሻላል። በአንድ ጧት አንድ ሺህ ሰው በመዝገብ ቤታችን መስኮት ፊት ተሰልፎ እያንዳንዱ «መዝገቤን» ቢል፥ ፈልገን ፈልገን መዝገብ የሌለው ሆኖ ቢገኝ፥ ደግሞም ዞሮ ከሰልፉ ኋላ ቢቆም፥ እውነተኛው ባለጕዳይ ማስረጃውን እንደ ያዘ በደጅ ይመሽበታል። በሩ አልተሰበረም፤ መዝገብም አልተሰረቀም፤ ሥራው ግን ቆሟል። በኮምፒዩተርም ላይ የሚደረገው ይኸው ነው።

ይህን ያህል ሐሰተኛ ባለጕዳይ ከየት ይገኛል? ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት እምብዛም ያልራቀ ሦስት አሜሪካውያን በ2016 ዓመት መልሱን እንደኛ ባሉ ቤቶች ደጃፍ ላይ አገኙት። በጃፓን ቋንቋ መጪው ዘመን ማለት የሆነ ሚራይ የሚባል ፕሮግራም ሠሩ። ይህም ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ያለውን አድራሻ እየዞረ ያንኳኳል፤ ካሜራ ወይም ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ራውተር ሲያገኝ፥ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን ሲሸጡ የሚሰጡትን 60 ያህል የታወቀ ስምና የይለፍ ቃል እያፈራረቀ ይሞክራል። ከነዚህ አንዱ የሠራለት እንደ ሆነ ዕቃው የርሱ ሎሌ ይሆናል። ባለቤቱ ግን ካሜራው እንደ ወትሮው ስለሚያሳየው ምንም አያውቅም። ዕቃው ጠፍቶ ሲበራ ፕሮግራሙ ይወጣል፤ የይለፍ ቃሉ ካልተለወጠ ግን በጥቂት ደቂቃ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ሚራይ በተለቀቀ በ20 ሰዓት ውስጥ 65 ሺህ ያህል ዕቃ ያዘ፤ ኋላም እስከ 600 ሺህ ደረሰ። የአሜሪካን የመከላከያ ሚኒስቴርና የፖስታ መሥሪያ ቤት አድራሻዎች እንዳይነካ ተነግሮት እንደ ነበር ስናነብ ሳንስቅ አልቀረንም። የገዥውን ግቢ በሩቁ እየዞረ የድኻውን ጎተራ የሚቦረቡር ሌባ በኛም አገር መዝገብ አይጠፋም።

ከሦስቱ መካከል ሰርቨርን ከዚህ ዓይነት ጥቃት እንጠብቃለን የሚል ንግድ የከፈቱ ነበሩባቸው። ሲመሽ አጥር እየጣሱ ሲነጋ አጥር እንጠርልህ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር፥ ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የሚጽፈው ብራየን ክሬብስ የተባለ ጋዜጠኛ ገጽ በዚሁ ሠራዊት ተመትቶ ተዘጋ። ኦ ቪ ኤች የተባለውም የፈረንሳይ ኩባንያ ተመታ። በወሩ መጨረሻ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ማንም እንዲወስደው አውጥተው በተኑት። ምክንያቱም በኋላ በፍርድ ቤት እንደ ታመነው፥ ጽሑፉ በነርሱ እጅ ቢገኝ «በሁሉ እጅ አለ» ብለው ለመካድ ነው። ይህ የሌባ ብልሃት ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን የተበተነ ቍልፍ ተመልሶ አይሰበሰብም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶ፥ በኦክቶበር 21 ቀን፥ ሌሎች ሰዎች በዚሁ ጽሑፍ የተሠራ ጥቃት በኒው ሃምፕሽር ግዛት ባለው ዳይን በተባለ ኩባንያ ላይ ወረወሩ። የዳይን ሥራ ሰው በስም የሚጠራውን ገጽ ኮምፒዩተር ወደሚያውቀው የቍጥር አድራሻ መምራት ነበር፤ መዝገብ ቤት እንበለው። መዝገብ ቤቱ ሲጨናነቅ በዚያን ጊዜ ትዊተር ይባል የነበረው፥ ኔትፍሊክስም፥ ስፖቲፋይም፥ ሌሎችም ብዙዎች ይልቁንም በአሜሪካ ምሥራቅ ላሉት ሰዎች ለብዙ ሰዓት አልከፈት አሉ። የምርጫ ጊዜ ስለ ነበረ የጠላት መንግሥት ሥራ ነው ብለው የፈሩ ነበሩ። ነገሩ የተገለጠው በ2020 ዓመት በዲሴምበር ነው። በጥቃቱ ጊዜ ለአካለ መጠን ያልደረሰ አንድ ልጅ ጥፋቱን አመነ። አሳቡም ከሌሎች ጋር ሆኖ ፕሌይስቴሽን የተባለውን የሶኒ ኩባንያ የጨዋታ መስመር መዝጋት ነበረ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ይህኛው ግን ለራት በቅቶ ለጎረቤት ተረፈ።

የሦስቱ ፍርድ በ2018 ዓመት በሴፕቴምበር በአላስካ ግዛት በአንኮሬጅ ከተማ ተሰጠ። ጥፋታቸውን አምነው መርማሪዎችንም በሌላ የወንጀል ጕዳይ ረድተው ስለ ነበረ ወህኒ አልወረዱም። 5 ዓመት በጥበቃ ሥር እንዲቆዩ፥ 2 ሺህ 500 ሰዓት ለሕዝብ አገልግሎት እንዲሠሩ፥ 127 ሺህ ዶላርም ካሣ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። አንደኛው ግን ይማርበት የነበረውን ራትገርስ የተባለውን የኒው ጀርዚ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ መንገድ ደጋግሞ ስላወከ፥ በሌላ መዝገብ 6 ወር ከቤቱ እንዳይወጣና 8 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት።

ፍርዱ ላልቷል የሚሉ አሉ። እኛ ግን ብዙ ፍርድ በእጃችን ጽፈን እንዳየነው፥ በዚያ ዕድሜ ያለ ጐልማሳ በወህኒ ቢውል የሚማረው ከራሱ ከባሰው ሰው ነው፤ ያፈረሰበትን ዕውቀት ለማቅናት እንዲያውለው ማዘዝ መልካም መስሎ ይታየናል። ቅር የሚለን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ ለመቶ ሺህ ቤት አንድ ዓይነት ቍልፍ የሸጠው ሰው አልተጠራም። በገበያችን እንዲህ ያለ አንጥረኛ ቢገኝ እስከ ማታ ዝም የሚለው ሰው ባልኖረም ነበር። ይህን አይቶ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጃንዩዌሪ 2020 ጀምሮ፥ የእንግሊዝም መንግሥት ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ፥ ለሁሉ አንድ የሆነ የይለፍ ቃል ያለው ዕቃ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክለዋል። ስለ አዲስ ስልክ ቀለምና ዋጋ በየሳምንቱ የሚነገረንን ያህል ስለ እነዚህ ሕጎች የሚነግረን አለማግኘታችን ያሳዝናል።

ስለ ጨዋታውም የነበረንን አሳብ በከፊል ለውጠናል። እነዚያን ጐልማሶች ያበላሻቸው በጡብ ቤት መሥራት አይደለም፤ ከልጆች ጨዋታ የሚወጣው ገንዘብና ጠያቂ ማጣታቸው ነው እንላለን። ስለዚህ በዚያው ማታ ከታናሹ ልጃችን አጠገብ ተቀምጠን፤ «የይለፍ ቃልህን የሚያውቅ ሰው አለ?» ብለን ጠየቅነው። ልጁም ሳይፈራ፤ «አዎን አባባ፥ አንድ ጓደኛዬ ያውቀዋል፤ የአልማዝ ሰይፍ ሰጥቶኝ ነገርሁት» አለን። የጓደኛውን ስም ብንጠይቀው የሚያውቀው በጨዋታው ውስጥ የሚጠራበትን ብቻ ነው። በዐይኑ አይቶት አያውቅም። ቃሉም እናቱ በስልኳ ገንዘብ ከምትልክበት ቃል ጋር አንድ ነበር፤ እርሷው ልጁ እንዳይረሳው ብላ የሰጠችው ነው።

በማግሥቱ የእኅታችን ልጅ ተመልሶ መጥቶ ሁሉንም ለወጠው። ለያንዳንዱ ዕቃ እርስ በርሱ የማይመሳሰል ረጅም ቃል አወጣለት፤ ካሜራውንም በውጭ በኩል እንዳይገባበት ዘጋው። በስልክ የሚላክልንን የማረጋገጫ ቍጥር ከባንክ ነኝ ለሚል ሰው እንኳ ቢሆን እንዳንነግር አስጠነቀቀን። ባለቤታችን ቃላቱን በደብተር ጽፋ በሣጥን ቈለፈችበት። እኛ ይህ የአሮጌ ሰው ሥራ ነው ብለን ልናፍር ስንል ልጁ፤ «ሌባው ያለው በሌላ አገር ነው፤ ሣጥንዎ ዘንድ አይደርስም» ብሎ አጽናናን።

የቀረን ካሜራውን የተከለውን ሰው መጠየቅ ነበረ። በስልክ ጠርተን ቃሉን ለምን እንዳልለወጠው ስንጠይቀው ከቍጣ ይልቅ መደነቅ ታየበት። «ጌታዬ፥ ብለውጠው ኖሮ ደንበኛ ረሳሁት እያለ በየቀኑ ይጠራኛል። ስለዚህ የሁሉም አንድ ነው» አለን። በሰፈራችን ስንት ቤት እንደ ተከለ ብንጠይቀው አልቈጠርሁም አለ። ከኛ ደጅ ቆሞ የሚታይ እንኳ አራት አለ። የእኅታችን ልጅ ቅዳሜ ይመጣል፤ እኛም አብረነው ሄደን የነዚያን አራት ቤቶች በር እናንኳኳለን።