አስናቀ ምን ይሆናል?

«ሰው ለሰው» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በኢቲቪ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት እንግዳ አያጣም ነበር። ዋናው ጨዋታ ግን በማግስቱ ቡና ላይ ነው። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ይያዛል ወይስ ያመልጣል? አቦሉ ሳይቀዳ ጎራ ይለያል። «እማማ፣ የዚህ ሰውዬ መጨረሻ እስር ቤት ነው» ሲባሉ፣ ረከቦቱ ፊት የተቀመጡት እናት ሲኒ እያለቀለቁ «ተዉኝ እስቲ! እሱን አስሮ ሳምንት ምን ሊያሳየን ነው?» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ የድራማ ሂስ ማንበቤን እጠራጠራለሁ።

ይህ እትም የእንዲህ ያለው ተመልካች ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ የአገራችን የጥበብ ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ተመልካቹ ደግሞ «ጥቁር ፍቅር»ን ይዞ ሙግቱን ቀጠለ። አንድ ነገር ግን ጎደለው፤ ድራማው እኛ ዘንድ ሲደርስ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ፣ ከደሴ እስከ ውጫሌ ቢጮኽ የሚሰማ ደራሲ የለም። የአገር ቤት ድራማ ይለያል። በአዜብ ወርቁ፣ በቤዛ ኃይሉና በቅድስት ይልማ የተጻፈው «እረኛዬ» በየምዕራፉ መካከል እረፍት ሲወስድ፣ ያ ክፍተት ለተመልካች ግምት የተተወ ሜዳ ነበር፤ ደራሲዎቹም እዚሁ ከእኛው ጋር ናቸው። (ጆሯቸውን ሰጥተው ይሆን? ይህን የሚጠይቅ ጽሑፍ አለን።)

«እረኛዬ»ን ገና ያልጨረሳችሁ ሦስተኛውን ጽሑፍ ዝለሉት፤ ጸሐፊው ምስጢር መጠበቅ አይሆንለትም።