ከቀብድ በፊት የሚጻፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያወጣበት ቤት በጥድፊያ ነው የሚገዛው። ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል» ይላል፤ ሻጭ «ካርታው ንጹሕ ነው» ይላል፤ ገዢም ቤቱ እንዳያመልጠው ሰግቶ ቀብዱን ይከፍላል። በሚፈራረሙበት ወረቀት ላይ ዋጋው፣ የቀብዱ መጠንና የምስክሮቹ ስም ይሰፍራል። ነገሩ ሳይሳካ ቢቀር ምን እንደሚደረግ ግን አንድም መስመር አይጻፍም። ብዙ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲንከራተት የሚከርመው በዚህች ባልተጻፈች መስመር ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 ስለ ቀብድ በግልጽ ደንግጓል። ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ግን ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ ነው። በሌላ አኳኋን መስማማት እየቻልን ዝም ብለን እንፈርማለን።

በባንክ ብድር ሊገዛ ያሰበን ሰው እንውሰድ። ቀብድ ከከፈለ በኋላ ባንኩ ብድሩን ቢከለክለው፣ ወይም ቤቱን ከተስማሙበት ዋጋ አሳንሶ ቢገምተው፣ ገዢ ምንም ሳያጠፋ ቀብዱን ሊያጣ ይችላል። «ብድሩ በ60 ቀን ውስጥ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያድነው ነበር። አሜሪካ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ እዚያ ብድርን፣ የቤት ፍተሻንና የዋጋ ግምትን የሚመለከቱ ቅድመ ሁኔታዎች የተለመዱ የውል አንቀጾች ናቸው።

ሁለተኛው አደጋ ከሻጩ ጀርባ ያለው ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የባልም የሚስትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ያልፈቀደው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ቤቱ የውርስ ከሆነ የሁሉም ወራሾች ፊርማ መሟላቱን፣ በካርታው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ካርታውን ከሰጠው ጽሕፈት ቤት ማጣራት የገዢ ፋንታ ነው። ሰፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀትም አይበቃም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ያዛል።

ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ስለተጣለበት፣ ብዙዎች በውክልና ሲገበያዩ ኖረዋል። ውክልና ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም በመሠረቱ ውክልናው ያበቃል፤ ያኔ ወራሾች ቤቱን ሊጠይቁ ይመጣሉ።

ግብር ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ማስፈርም ሕገ ወጥ ከመሆኑ በላይ ገዢውን ራሱን ያጋልጣል። ውሉ ፈርሶ ገንዘብ ይመለስ ሲባል ፍርድ ቤት በቅድሚያ የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ በእጅ የተሰጠውን ቀሪ ገንዘብ ማስረዳት መከራ ነው።

ሻጭም አደጋ አለበት። ቀብድ ከፍሎ ለወራት የሚጠፋ ገዢ ቤቱን ከገበያ ያስወጣበታል፤ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ደግሞ የተስማሙበት ብር አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ቀሪው ክፍያ የሚጠናቀቅበት ቀን፣ ስም የሚዛወርበት ጊዜና ቤቱን የማስረከቢያው ዕለት ቁርጥ ብለው ይጻፉ። ሙሉ ክፍያው ባንክ ሳይገባ የመሸጥ ሥልጣን ያለው ውክልና አይሰጥ።

ይህን ሁሉ እንዳንጽፍ የሚይዘን ይሉኝታ ነው። «አላመነኝም» እንዳይሉን እንፈራለን። ሆኖም በግልጽ የተጻፈ ውል ሁለቱንም ወገን ያስከብራል፤ ሳይጻፍ የቀረው ነው ነገ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ወንድምን ከወንድም የሚያካስሰው። ሻጭ ተገቢ ቅድመ ሁኔታ ሲቀርብለት አልፈርምም ካለ፣ ገዢ ማወቅ የሚገባውን አውቋል፤ ገንዘቡም ገና በእጁ ነው።