የሽንኩርት ገንዘብ እስከ ቀጣዩ ተከላ የት ይቀመጥ?

ከሞጆ ተነስቶ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚያመርተው አትክልት አምራች ገንዘብ የሚያገኘው በየወሩ አይደለም። የመስኖ ሽንኩርት ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል፤ ገቢው የሚገኘውም ምርቱ ተነቅሎ መኪና ላይ በሚጫንበት ሰሞን ነው። የአዳማም ገበያ ከዚሁ ጋር ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ጫኝና አውራጁ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የግብርና ግብዓት ነጋዴው ሁሉ የሽንኩርቱን ወቅት ተከትሎ ያገኛል።

በመሆኑም በአካባቢው ትልቁ የገንዘብ ውሳኔ የሚወሰነው ምርት ከተሸጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ለቀጣዩ ተከላ የሚያስፈልገው ገንዘብ እስከዚያ ድረስ ምን ሆኖ ይቆይ?

ጥያቄው ይበልጥ የከበደው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ገበሬም ጉዳዩ ይመለከተዋል፤ የፀረ ተባይ መድኃኒቱ፣ የተዳቀለው የቲማቲም ዘር፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ መለዋወጫና ነዳጁ ከውጭ የሚገቡ ናቸውና።

ይህን ያየ ብዙ ሰው «ብር ይዞ መቀመጥ ኪሳራ ነው» ወደሚል መደምደሚያ ደርሷል። አባባሉ በከፊል እውነት አለው። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ 7 በመቶ ተብሎ የተወሰነ ሲሆን፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም. የተመዘገበው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት 13.9 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት ዓመቱን ሙሉ በቁጠባ የቆየ 100,000 ብር 107,000 ይሆናል፤ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 114,000 ብር ገደማ ይደርሳል።

ነገር ግን ለአንድ ገበሬ የሚያስፈልገው ስሌት የዓመት ሳይሆን የአራት ወር ነው። በተመሳሳይ ወለድና ግሽበት ለአራት ወር ባንክ የቆየ 100,000 ብር ከመግዛት አቅሙ የሚያጣው 2,000 ብር ገደማ ነው። ይህን ሽሽት ገንዘቡን በሙሉ በቆርቆሮና በብሎኬት፣ በሞተር ብስክሌት ወይም በቦታ ቀብድ የሚያውለው ሰው ተከላው ሲደርስ ሁለት ምርጫ ይቀርለታል፤ የገዛውን አርክሶ መሸጥ ወይም መበደር። በሁለቱም መንገድ የሚያጣው ከ2,000 ብር እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የቀን ቀጠሮ ያለበትን ገንዘብ ከሌለበት መለየት ይገባል። የሚቀጥለው ወቅት የመሬት ኪራይ፣ ዘር፣ መድኃኒት፣ ነዳጅና የቀን ሠራተኛ ክፍያ ተደምሮ ለብቻው ይቀመጣል፤ ቤት መሥራትም ሆነ ሰንጋ ማደለብ የሚታሰበው ከዚያ በተረፈው ነው።

«ገንዘቡን ከማስቀመጥ ግብዓቱን አስቀድሞ መግዛት» የሚለው ምክርም ወሰን አለው። የውኃ ቱቦና የመርጫ መሣሪያ ቢከርም አይበላሽም። የሽንኩርት ዘር ግን የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ከሚያጡ ዘሮች አንዱ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ዘር መደብ ላይ ሲዘራ የሚያሳፍር ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ቤንዚን በጀሪካን ቤት ውስጥ ማከማቸትማ ቤተሰብን ከእሳት ጋር ማሳደር ነው።

ዕቁብ በዚህ ዘመን ከቀድሞው በተለየ ዓይን መታየት አለበት። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ያለ ወለድ ያበደረ ነው። ዋጋ ባልተለወጠበት ጊዜ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። አሁን ዓመት የሚፈጅ ዕቁብ መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰው ያው የብር ቁጥር ቢደርሰውም ያው ዕቃ አይደርሰውም። ይህ ዕቁብን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ከገንዘቡ በላይ የሚያስገኘው መተማመንና ገንዘብ እንዳይበተን የሚያደርገው ግዴታ ዋጋ አለው። ሆኖም አጭር ዙር ያለው ዕቁብ ከረጅሙ ይሻላል። ገቢው በምርት ወቅት ብቻ የሆነ ገበሬም የየሳምንት ዕቁብ ውስጥ መግባቱ ሊከብደው ይችላል።

ብድሩ ወደ ስልክ መጥቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በኋላ ከባንኮች ጋር ብድርና ቁጠባን ጨምሯል፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ሚቹ» በሚል ስም ያለ መያዣ ያበድራል። ጠዋት ገዝቶ ማታ ለሚሸጥ የአዳማ ቸርቻሪ እንዲህ ያለው ብድር ጥሩ አቅም ነው። ለሽንኩርት ግን የቀን መቁጠሪያው አይገጥምም። ለምሳሌ በወር 500 ብር የአገልግሎት ክፍያ ያለበትን የ10,000 ብር ብድር ወስዶ ምርት እስኪደርስ አራት ጊዜ የሚያድስ ሰው 2,000 ብር፣ ማለትም የብድሩን አንድ አምስተኛ ይከፍላል። በየወሩ መጨረሻ የሚመልሰውን ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ ደላላው ነው፤ እርሱም ያበደረውን ምርቱ ማሳ ላይ ሳለ በራሱ ዋጋ ይቆርጣል።

በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትንና ሰብልን ጭምር ለብድር መያዣ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል። ከኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ያደገው ሲንቄ ባንክን ጨምሮ በአካባቢው ቅርንጫፍ ያላቸው ባንኮች ጋር የሚሄድ አምራች ወለዱን ብቻ ሳይሆን «ክፍያው ምርት በሚሸጥበት ወር ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ክፍያው ከምርቱ ጋር የሚገጥም ብድር ወለዱ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ ከየወሩ ብድር ሊረክስ ይችላል።

ገንዘቡን በባንክ ለሚያቆየውም አንድ ነጥብ አለ። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ጥሩ ዋጋ አግኝቶ ከዚያ በላይ የያዘ ቤተሰብ ገንዘቡን በሁለት ባንክ ቢከፍለው ተጨማሪ ወጪው ሁለተኛ የቁጠባ ደብተር ማውጣት ብቻ ነው።