የፈረንጅ ጭብጨባና «ኧረ መላ መላ»

በአራት ኪሎ ሻይ ቤቶች ስለ ዘፈን ክርክር በተነሣ ቍጥር አንድ የማይቀር ማስረጃ አለ፤ ይኸውም የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ታላቅ ዘፈን መሆኑ የታወቀው አውሮፓ ሰምቶ ስለ ወደደው ነው የሚል ነው። የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን በኩራት ይናገሩታል። ለእኔ ግን ኩራቱ ከውርደት የሚቈጠር ይመስለኛል።

ዘፈኑ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተቀርጾ በካይፋ ሸክላ የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። የብራስልሱ ክራምድ ዲስክስ ለአውሮፓ አድማጭ ያቀረበው ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ 11 ዓመት አለ። ታዲያ ሰዓት እላፊ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ በሚያስገባበት በዚያ ዘመን ሸክላውን እየገዛ ያዳመጠው የአዲስ አበባ ሰው ጆሮ አልነበረውምን?

የአውሮፓውን አድማጭ አልነቅፍም፤ ቋንቋውን ሳያውቅ በድምፅ ብቻ ልቡ መነካቱ ድምፃዊውን የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን «መላ» የምትለው ቃል አመለጠችው። መላ የሽማግሌ ቃል ናት። ሰው ነገር ሲጠናበት መላ ይጠይቃል፥ መላ ይመታል፥ መላ ያጣል። ፍቅር የጐዳው ሰው ማልቀሱን ትቶ ችግሩን በአደባባይ አቅርቦ ምክር ሲለምን፥ ኀዘኑ የግሉ መሆኑ ይቀራል፤ አድማጩም ሳያስበው ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል። የዘፈኑ ኀይል ከዚህ ላይ ነው። ይህንንም ሊፈርድ የሚችል ቃሉን የሚሰማ ብቻ ነው።

(የፍቅር እንጕርጕሮ ወጣቱን ያልፈሰፍሰዋል የሚሉም አሉ። እነዚህ በመጀመሪያ ትዝታን ከቅኝቶቻችን ያውጡልንና ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።)

«የውጭ ሰዎች እኮ ቈጥረው፥ መዝነው ይሸልማሉ» የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ማሕሙድ በ2007 እ.ኤ.አ. የቢ.ቢ.ሲ.ን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀብሏል፤ ይገባዋልም። በእኛ ዘንድ የዘፈን ተወዳጅነት ሲለካ የኖረው ግን በሱቅ ድምፅ ማጉያና በታክሲ ውስጥ ነው። በመዝገብ አለመስፈር አለመወደድ አይደለም።

ከአራት ኪሎ ወርዶ፥ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፒያሳ ለሚወጣ ሰው በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ሩቅ አይደለም። ብራስልስ ግን ሩቅ ነው። መምህራን ቅኔን እንደሚያስተምሩ የዘፈን ግጥምንም ወደ ክፍል ያስገቡ። አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለደራሲ «ሥራው የእኔ ነው» የማለት መብት ሰጥቶታልና፥ ሬዲዮኖቻችንም የዘፋኙን ስም በጠሩ ቍጥር የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም አስከትለው ይጥሩ።