የአእምሮ ሕክምና ጤና ጣቢያ ድረስ ይውረድ

በአጨዳ ወቅት ገበሬ አዝመራውን ጥሎ፣ አእምሮው የታመመ ልጁን ይዞ ለሕክምና ሩቅ ከተማ ለመሄድ ይቸገራል። የመጓጓዣውና የማደሪያው ወጪ በግ ያሸጣል።

የጉራጌዋ ሶዶ ወረዳ ሌላ መንገድ አሳይታለች። በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፕራይም የተሰኘው ፕሮጀክት፣ ከሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከደቡብ አፍሪካና ከኡጋንዳ ጎን ለጎን እዚያም ተሞክሯል። የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትን፣ ከባድ የአእምሮ ሕመምንና የሚጥል በሽታን ለይተው እንዲያክሙ ሠለጠኑ።

ሥልጠና ብቻውን ግን አይበቃም። መድኃኒቱ መሃል ላይ ካለቀ ሕመሙ ያገረሻል፤ ያኔ ቤተሰብ፣ ጠልቶ ሳይሆን መላ አጥቶ፣ የገዛ ልጁን በሰንሰለት ያስራል።

ጤና ሚኒስቴር ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከወባ መድኃኒት እኩል ሊያስብለት ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ የልጆቹን ክትባት እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ የእናትየዋን እንቅልፍና ጭንቀት ይጠይቁ።