ቪዲዮው ሳህኑን ይምሰል

ረመዷን ሲገባ የስልካችን መስኮት በሳምቡሳ፣ በተምርና በሾርባ ምስል ይሞላል። ከምስሎቹ ጀርባ አዲስ እንጀራ አለ። ስልክ ወይም ካሜራ የያዘ ወጣት ወደ ምግብ ቤት ባለቤት ይሄዳል፤ አጭር ቪዲዮ ቀርጾ፣ አቀናብሮ፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ሊለቅለት ይዋዋላል። ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ እንደኛ ሮቤና እንደ አሰላ ባሉ የአርሲ ከተሞችም ልጆቻችን የሚያስቡት ሥራ ነው። ወላጆችም “ይህ ደግሞ ሥራ ነው? ሐላልስ ነው?” ብለው ይጠይቃሉ።

መልሱ አጭር ነው። ሥራ ነው፤ በእውነትና በግልጽ ውል ከተሠራም ሐላል ነው። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ተሰደው መዲና በገቡ ጊዜ የአንሷሩ ወንድማቸው ሀብቱን ሊያካፍላቸው ቢያቀርብም እርሳቸው የጠየቁት ገበያው ወዴት እንደሆነ ነበር። በእጁ ሙያ ሊያድር የሚጥር ልጅ ሊመረቅ እንጂ ሊናቅ አይገባውም።

የመጀመሪያው ነገር ውሉ ነው። በሱረቱል ቀሶስ የመድየኑ ሽማግሌ ሙሳን (ዐ.ሰ) ሲቀጥሩ ዘመኑን ስምንት ዓመት ብለው ቆረጡ፤ ዐሥር ቢሞላው ግን ከራሱ በጎ ፈቃድ እንደሚሆን ለይተው ነገሩት። ግዴታው የቱ፣ ውለታው የቱ እንደሆነ ከመጀመሪያው ታወቀ። ቪዲዮ ሠሪና የምግብ ቤት ባለቤትም እንዲሁ ያድርጉ። ስንት ቪዲዮ? በስንት ቀን? ዋጋው ስንት? መቼ ይከፈላል? ባለቤቱ ካልወደደው ስንት ጊዜ ይስተካከላል? በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው የዱቤን ውል በጽሑፍ ስለማኖር ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ጎረቤትን ከጎረቤት ጠብ ያድናል።

“ሃምሳ ሺህ ተመልካች አመጣልሃለሁ” ብሎ ገንዘብ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው። ተመልካቹ በወጣቱ እጅ አይደለም፤ በእጅ የሌለን መሸጥ ፉቀሃዎች ገረር የሚሉት ነው። መቅረጹንና ማቀናበሩን ይሽጥ፤ ያ በእጁ ያለ ሥራ ነው። ባለቤቱም ልጁን “ምሳህን ብላና ሂድ” ብሎ አያሰናብተው። የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ያዘዙት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

ሁለተኛውና ዋናው እውነቱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገቡ፤ ጣታቸው እርጥበት ነካ። ሻጩ ዝናብ እንዳገኘው ሲናገር፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ይህን የአርሲ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ስንዴ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አይቶ አይሄድም፤ ከሥር ዘግኖ ያያል። ቪዲዮ ግን ተመልካቹ እጁን ሊያስገባበት የማይችል ጆንያ ነው። ስለዚህ የቀራጩ አማና ይከብዳል።

ብርሃን ማስተካከል፣ ጠረጴዛ ማጽዳት፣ ሳህኑን አሳምሮ ማቅረብ ነውር የለበትም። ለካሜራ ሲባል ሥጋውን እጥፍ አድርጎ መከመር፣ የሌላ ምግብ ቤትን ምስል ማስገባት፣ የማይሸጡበትን ዋጋ መጻፍ ግን እርጥቡን እህል ከሥር መደበቅ ነው። ተከፍሎት ሳለ እንደ ተራ ደንበኛ መስሎ ማመስገንም መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ እየጨመረ ገዢን ከሚያሳስተው፣ ሸሪዓ ነጅሽ ብሎ ከከለከለው ሥራ ጋር ይቀራረባል። “ሐላል” የሚለውም ቃል ማጌጫ አይደለም፤ ማን እንደሚያርድ ሳይጠይቁ በቪዲዮ ላይ አይጻፍ። የአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

በዚህ ወር ደግሞ የሚታለለው ማን እንደሆነ እናስብ። ብዙዎቻችን የምናፈጥረው በቤታችን ነው። በምግብ ቤት የሚያፈጥረው መንገደኛው፣ ሾፌሩ፣ ከቤተሰቡ የራቀው ተማሪና የቀን ሠራተኛ ነው። ቪዲዮውን አይቶ፣ የያዛትን ብር ቆጥሮ፣ አዛን ሊል ሲል ይደርሳል። ያየውን ሳህን ቢያጣ ሌላ ቦታ የሚፈልግበት ጊዜ የለውም። አድራሻም ሳይቀር በትክክል ይነገር፤ ሮቤ በአርሲም በባሌም አለና “ሮቤ ነን” ማለት ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው የሰው ክብር ነው። እናቶችና እህቶች በኢፍጣር ማዕድ ላይ ሳሉ ሳይጠየቁ መቅረጽ ነውር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይቀርብ ይደነግጋል። ከዚህ የሚብሰው ለድሀ የተዘረጋን ማዕድ ማስታወቂያ ማድረግ ነው። ምግብ ቤቱ ለችግረኞች ኢፍጣር ካቀረበ አላህ ይቀበለው፤ የበላተኛው ፊት ግን ለንግድ አይዋል። ሱረቱል በቀራ ምጽዋትን በመመጻደቅና ሰው በማስቸገር እንዳናበላሽ ያስጠነቅቀናል። ረሃቡን ያስታገሠ አባት ነገ ልጁ ያንን ቪዲዮ በጎረቤት ስልክ ላይ ቢያየው፣ የበላው ምግብ ምን ይሆንበታል?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ሥራ ከያዘ “ስንት አገኘህ?” ከማለታችሁ በፊት “ያሳየኸው ምግብ እውነት ያ ነው? ሰዎቹንስ አስፈቅደሃል?” በሉት። ባለ ምግብ ቤቶችም ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት ከአስተናጋጆቻችሁ አንዱን ጠርታችሁ አሳዩት፤ በየቀኑ የሚያቀርበው ሳህን ያ መሆኑን እሱ ያውቃል። በትንሽ ከተማ የተታለለ ደንበኛ ቅሬታውን ይዞ መስጊድም ገበያም ይውላል፤ በእውነት የተስተናገደው ደግሞ ሳይከፈለው ያስተዋውቃችኋል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ የልጆቻችንን ሲሳይ ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን። አሚን።