እቃ እቃ አያሳፍርም

«ኑሮው አልበቃ ብሎህ ነው ደግሞ ኑሮ የምትጫወተው?» ሲምስ ወይም ስታርዴው ቫሊ የሚጫወት ሰው ይህን ጥያቄ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ጠያቂው መልስ አይፈልግም፤ ፈርዶ ነው የመጣው። ፍርዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ጊዜ ማባከን» ይለዋል። ሌላኛው የተማረ ይመስልና «ከእውነታ መሸሽ ነው» ይላል። የመጀመሪያውን እንለፈው። በየሳምንቱ ስለ አርሴናልና ማንቼ ሲከራከር የሚያመሽ ሕዝብ ስለ ጊዜ ማባከን ማንንም ሊመክር አይችልም። ሁለተኛው ግን መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ያለቦታው ይለጥፋል።

ከኑሮ መሸሽ የፈለገ ሰው ዘንዶ ይገድላል፣ ጠፈር ላይ ይበራል፣ መኪና ሰርቆ ከተማ ያተራምሳል። እንዲህ ያለ ጌም ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሲምስ ግን ምን ያሠራል? ሰሃን ያሳጥባል። ሽንት ቤት ያስጸዳል። ሒሳብ ያስከፍላል። የምትመራው ሰውዬ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ሽንቱ ይመጣበታል፣ ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል። ሁለት ቀን በተከታታይ ከሥራ ከቀረ ይባረራል። ሰው ከሰሃን ሸሽቶ ወደ ሰሃን ይሄዳል እንዴ?

ስለዚህ ሽሽት የሚለው ነገር አይገጥምም። የሚገጥመው ሌላ ነው። ሰው እነዚህን ጌሞች የሚወደው ኑሮ ስለሌለባቸው ሳይሆን፣ ሕጉ ፊት ለፊት የተጻፈበት ኑሮ ስላለባቸው ነው።

ሲምስ ላይ የሥራ እድገትን እንይ። ለሚቀጥለው ደረጃ ምን ያህል ችሎታ እንደሚያስፈልግህ ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል። የሚገርመው ደግሞ እዚያም ሰው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወዳጅ ከሌለህ ከፍ አትልም። ግን ስንት ወዳጅ እንደሚያስፈልግህ በቁጥር ተጽፏል! እኛ ጋ «ሰው አለህ?» ሲሉህ ስንት ሰው፣ ማንን፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግርህ የለም።

ስታርዴው ቫሊም እንደዚያው ነው። ጌሙ የሚጀምረው የአንድ ትልቅ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ በሚውል ሠራተኛ ነው፤ ሰውየው አያቱ የተዉለትን እርሻ ይዞ ገጠር ይገባል። የመጀመሪያ ሰብሉ ፓርስኒፕ የምትባል ካሮት መሰል ነገር ናት። ዘሯ 20፣ ምርቷ ቢያንስ 35 ያወጣል፤ በየቀኑ ካጠጣሃት በ4 ቀን ትደርሳለች። ካላጠጣሃት አታድግም። እርሻህ ሰፍቶ የወፍ ማስፈራሪያ ካላቆምክ ቁራ ይበላብሃል። ድካም አለ፣ ኪሳራ አለ። ግን የከሰርክበትን ምክንያት ታውቀዋለህ፤ ነገ ደግሞ ማረም ትችላለህ።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ብድሩ ነው። ኒንቴንዶ አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስን ያወጣው መጋቢት 20 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ዓለም በኮሮና በሩን በዘጋበት ሰሞን። በዚያ ወር መጨረሻ ከ11 ሚሊዮን በላይ ኮፒ ተሽጧል። እዚያ ቶም ኑክ የሚባል ነጋዴ ቤት ይሠራልህና ዕዳ ውስጥ ይከትሃል። ዕዳው ወለድ የለውም። ቀነ ገደብም የለውም። ሲኖርህ ትከፍላለህ፤ ከሌለህ ዓሣ እያጠመድክ ትከርማለህ። ሰዉ ቤቱ ተቆልፎበት፣ የሥራው ነገር ሳይለይለት፣ የተጫወተው ይህን ነው። ቤት ስለማግኘት ነው የተጫወተው።

ይህን ከእኛው ቤት ጋር እናስተያየው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ፤ ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ሲስተሙ ውስጥ የገባው መረጃ ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። ከ2005ቱ ምዝገባ ጀምሮ ሲቆጥቡ የኖሩ ሰዎች ነበሩበት። እንግዲህ ሁለቱም ሶፍትዌር ናቸው፤ ቶም ኑክም፣ ዕጣውም። ኮድ ጽፎ እንደሚያድር ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዕድል ያለበትን ሲስተም ሰው ይቀበላል። ጌሞቹም ዕድል አለባቸው፤ ዓሣው አንዳንዴ ያመልጣል። ሰው የማይቀበለው ሕጉን የማያውቀውን፣ ሌላው ግን ከጀርባ ገብቶ የሚነካካውን ሲስተም ነው።

«ታዲያ የጌሙ ፍትሕ ውሸት አይደለም ወይ? ሁሉም እኩል የሚጀምርበት ዓለም የት አለ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ የለም። ግን የሌለ ነገር መጫወት መች ያሳፍር ነበር? ልጅ ሆነን እቃ እቃ ስንጫወት በጭቃ ወጥ ሠርተናል፣ በቅጠል እንጀራ አቅርበናል፣ አባወራና እማወራ ሆነናል። «ከልጅነት እየሸሹ ነው» ያለን የለም። ትልልቆቹ ያዩት ኑሮን ስንለማመድ ነው። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሳይኖረው ቤት ሲያዘጋጅ ግን ሽሽት ይባላል። ለምን? ልጁ ነገ ቤት እንደሚኖረው ሁሉም ያምን ነበር። ስለዚህኛው ግን ማንም እርግጠኛ አይደለም። ሳቁ የሚያፍነው ይህን ሐፍረት ይመስለኛል።

ሲምስ ራሱ ከቅንጦት አልተወለደም። ሐሳቡን ያመነጨው ዊል ራይት እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ላይ በደረሰው ትልቅ ቃጠሎ ቤቱን አጥቷል። ዕቃን አንድ በአንድ፣ ኑሮን ከዜሮ መልሶ መሰብሰብ ምን እንደሚመስል ማሰቡ ለጌሙ አንዱ መነሻ ሆነው። ስታርዴው ቫሊን ደግሞ ኤሪክ ባሮን ኮዱንም ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ብቻውን እየሠራ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል። በ4 ቀን የምትደርስ ሰብል የፈጠረው ሰው የራሱ ሰብል ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ ነው ዓመታት የቆፈረው። እነዚህ ከእውነታ የሸሹ ሰዎች አይደሉም። እውነታው ምን እንደጎደለው ጠንቅቀው ያወቁ ናቸው።

ስለዚህ ጠያቂያችን፣ ከእውነታ መሸሽ ካስጨነቀህ እስቲ አንዱን ምረጥ። የእድገት መስፈርቱ በግልጽ የተለጠፈበት መሥሪያ ቤት? ሲኖርህ የምትከፍለው የቤት ብድር? ማንም የማይነካካው ዕጣ? ከእነዚህ «ይሄ ለልጆች ነው፣ ለእኔ ይቅርብኝ» የምትለው የትኛውን ነው? የለም አይደል? እንግዲያው ጌሙን እንድንዘጋ ከምትመክረን፣ ከሦስቱ አንዱን እውነት ለማድረግ አግዘን።